ቀዩ ባልዲ

ጸሐፊው ከላቦራቶሪ የመጣውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበው። አንዴ ለራሱ፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ፤ አንዴ ደግሞ በአስጋሪዎች ማህበር ቢሮ ደጃፍ ለተሰበሰበው ሰው፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ። «በቦዩ አፍ እና በሐይቁ ማዶ በኩል በተያዙ ዓሦች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም» አለና «አልተገኘም» የምትለዋን ደገማት፤ ጣፍጣዋለች። ወረቀቱን በሩ ላይ ለጠፈው፤ ከግርጌው ክብ ማህተም አለበት። ከጎኑ ደግሞ ራሱ በእጁ የጻፈውን ሌላ ወረቀት ለጠፈ። ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ፤ የገበያውን ስም ያጠፋ አንድ አባል ከማህበሩ ይሰናበታል፣ የማህበሩንም ጀልባ ያስረክባል ይላል። የሰውየው ስም አልተጻፈም። ማን እንደሆነ የማያውቅ የለማ! «ጋሽ አፍንጫ ከነገ ጀምሮ በእግሩ ነው ዓሣ የሚያሳድደው» አለ አንዱ፤ ሳቁም እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው ተላለፈ።

እትዬ ቅርፊት ይህን ሁሉ የሰማችው ከበሩ ስድስት እርምጃ ርቃ፣ የሲሚንቶ ጠረጴዛዋ ላይ አጎንብሳ ዓሣ ስትቀርፍ ነው። ቅርፊት ያሏት ፀጉሯ ላይ፣ ክንዷ ላይ፣ አንዳንዴም ቅንድቧ ላይ የዓሣ ቅርፊት ስለማይጠፋ ነው፤ እሷም አልተቀየመችም፣ ከዚህ የባሰ ስም የወጣላቸው ሞልተዋል። ቢላዋዋ ዓሣው ጀርባ ላይ ቀጥ አለ። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ስትቆም አንድ ዓሣ ጀምራ መሃል ላይ የተወችበትን ቀን አታስታውስም። ባሏ ታመመ ተብሎ የተጠራች ቀን እንኳ የያዘችውን ጨርሳ፣ እጇን ታጥባ፣ ቢላዋዋን ጠቅልላ ነው የሄደችው። «ምነው እትዬ፣ ቆረጠሽ እንዴ?» አለቻት ዓሣዋን የምትጠብቀው ደንበኛ። «አልቆረጠኝም» አለች፤ ግን ቢላዋው አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ አፍንጫ የሚሉት ታላቅ ወንድሟን ነው። ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምላሷን ውጣ ሥራዋን በቀጠለች፤ ሁለት ዓመት እንደዚያ ስታደርግ ኖራለች። እጇን ያሰረው ሌላ ነገር ነው። ወረቀቱ የሚናገርላቸውን ዓሦች የመረጠቻቸው እሷ ናት። እና ከቦዩ አፍ የተያዘ አንድም አልነበረባቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ ከውሃ ምርምር ላቦራቶሪ አንድ ሾፌር በረዶ የሞላባቸው ሁለት ባልዲዎች ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። «ቀዩ ከቦዩ አፍ፣ ሰማያዊው ከማዶ። አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት። ሆዳቸው ሳይከፈት» ይላል። በመጀመሪያው ወር ራሱ ከአስጋሪዎቹ ጋር እየተጨቃጨቀ፣ ከየት እንደተያዘ ሳያጣራ የሸጡለትን ገዛ፤ በሁለተኛው ጫማው ጭቃ ገባና ተማረረ፤ በሦስተኛው «እትዬ፣ በዚህ ገበያ ካንቺ የተሻለ መራጭ የለም ይላሉ፣ እባክሽን ሙዪልኝ» ብሎ ባልዲዎቹን ጠረጴዛዋ ሥር አስቀመጠላት። ደስ አላት፤ ለምን ይዋሻል። የተማሩ ሰዎች፣ ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች፣ እሷ የመረጠችውን ዓሣ ሊወስዱ! እትዬ ቅርፊት ደግሞ አንድ ሕግ አላት። ራሷ የማትበላውን ዓሣ ለሰው አትሰጥም። ዓይኑን ታያለች፣ ጉንጩን ገልጣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ታያለች፣ አፍንጫዋን ታስጠጋለች፤ ካልወደደችው ገዢው ገንዘቡን ይዞ ቢለምናት እንኳ «ይሄ ላንተ አይሆንም» ብላ ወደ ድመቶቹ ትወረውረዋለች። ከቦዩ አፍ የሚመጣው ዓሣ ደግሞ ይሸታል። ጎማ ጎማ፣ የሞተር ዘይት ዘይት ይላል። ታዲያ እንዴት አድርጋ ለእንግዳ እንዲያ ያለ ዓሣ ትሰጣለች? ቀዩንም ከማዶ ሞላችው፤ ሰማያዊውንም ከማዶ ሞላችው። ሃያ አንድ ወር። አንድም ቀን «ዓሣው ለምንድነው?» ብላ አልጠየቀችም፣ አንድም ቀን ማንም አልነገራት። ዓሣ ለምን ይገዛል? ለመብላት ነዋ።

እና ወንድሟ ይዋሻል ሲባል የኖረው በእሷ ዓሣ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ገበያ መሃል ቆሞ፣ ገዢ በሞላበት ሰዓት፣ «ከቦዩ አፍ የሚወጣውን አትብሉ፤ ላይ ያሉት ጋራዦች የተቃጠለ ዘይታቸውን ቦዩ ውስጥ ነው የሚደፉት፣ አስፋልት የሚያፈሉትም ትርፉን እዚያው ነው የሚያጥቡት» ብሎ ጮኸ። ገዢው ተበተነ። ለሁለት ወር ያህል የዓሣ ዋጋ በግማሽ ወረደ፤ ለመቅረፊያ አምስት ብር፣ ሆድ አጽድቶ ሐሞቱን ሳያፈሱ ለማውጣት ሦስት ብር ትቀበል የነበረችው እትዬ ቅርፊት በቀን አሥር ዓሣ ማግኘት አቃታት። ያኔ ሰው ሁሉ ከቧት «ወንድምሽ ምን ነካው?» ሲላት፣ ሆድ ብሷት ይሁን ፈርታ አላውቅም፣ «አርጅቷል፣ ሽታው ያለው አፍንጫው ውስጥ ነው» አለች። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ አፍንጫ የሚለው ስም የወጣው ከእሷ አፍ ነው። ወንድሟ ቆሞ ነበር፤ ሰምቷታል። ከዚያ ቀን ወዲህ እሁድ እሁድ ለምሳ መምጣቱን ተወ። በመንገድ ሲገናኙ ሰላም ይላታል፣ እንደ ማንኛውም የሚያውቀው ሰው። ላቦራቶሪው መመርመር የጀመረውም በእሱ ጩኸት ነበር፤ ውጤቱ ይመጣል፣ ያኔ እናያለን እያለ ነው ሁለቱን ዓመት የጠበቀው።

የደንበኛዋን ዓሣ ጨረሰች። ጠረጴዛውን በውሃ ለቀለቀች፤ ፀሐይ ገና ሳይሞቅ ሽርጧን ስትፈታ ያየቻት ጎረቤቷ ዓሣ ጠባሿ ከምድጃዋ ኋላ ሆና «ምነው? ሠርግ ተጠራሽ?» ብላ ቀለደችባት። እትዬ ቅርፊት ቢላዋዋን ጠቅልላ ሄደች።

የወንድሟ ክፍል ከጀልባዎቹ መጠለያ ኋላ ናት። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ባትሪዋ በክር የታሰረች ሬዲዮ። ግድግዳው ላይ የማህበሩ የአባልነት ደብተር በሚስማር ተሰቅሏል፤ ዛሬ ይወርዳል ማለት ነው። በሩ ክፍት ነበር። ሰውዬው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። ይዛ የመጣችውን ዳቦ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፤ ባዶ እጇን መግባት አልሆነላትም። ቀና ብሎ «ግቢ» አለና ወደ መረቡ ተመለሰ። መቀመጫው በዳቦ ስለተያዘ ቆማ ቀረች።  የመረቡን የታችኛውን ጠርዝ አየች፤ ከላይ ነጭ ነው፣ ከታች አንድ ክንድ ያህል ጥቁር። ጭቃ የነካው ጥቁር አይደለም፤ ጭቃ ይለቃል። ይሄ እንደ ሬንጅ ያለ፣ በሳሙናም በጋዝም ታጥቦ እምቢ ያለ ጥቁር ነው። ጣቶቹም ጥፍራቸው ሥር እንደዚያው ሆነዋል። ከአልጋው ሥር ውሃ የሞላ ባልዲ አየች፤ ዓሦች ጀርባቸውን እያሳዩ ይገላበጣሉ። ሽታው ሳትጎነብስ መጣላት።

«ከቦዩ አፍ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«አሁንም እዚያ ታጠምዳለህ? ማን ይገዛሃል ወንድም ጋሼ?»

«ማንም። ከጓሮ እቀብራቸዋለሁ።» መርፌውን በመረቡ ዓይን አሳልፎ ሳበ። «እኔ ካልያዝኳቸው ሌላው ይይዛቸዋላ። እሱ ደግሞ ይሸጣቸዋል።»

 ሰው ሁሉ፣ እሷም ጭምር፣ ሽማግሌው በእልህ ነው እዚያ መረቡን የሚጥለው ይል ነበር። ለካ በየቀኑ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ፣ ያንን ጀልባ ቀዝፎ፣ ሰው እንዳይበላቸው ዓሣ አጥምዶ ይቀብራል። የጊዜውን ሲሶ ያህል ማዶ እያጠመደ ለዳቦ የሚሆነውን ያገኛል፤ የቀረውን ለጉድጓድ ያጠምዳል። ዛሬ ጀልባዋ ከተወሰደችበት ማንም አይቀብራቸውም። ልትነግረው አፏን ከፈተች። እሱ ግን ቀደማት።

«ወረቀቱን ሰማሁ» አለ እሱ፣ ሳያያት። «የተማረ ሰው መርምሮ የለም ካለ እንግዲህ የለም ነው። እኔም ሳስበው ነበር። ምናልባት እንዳልሽው ነው። አፍንጫዬ አርጅቶ ይሆናል።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ቢያባርራት፣ ዳቦዋን ቢወረውርባት ይሻላት ነበር። ያ ሰው፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዝናብ መምጣቱን በጠረኑ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው፣ በእሷ ቀልድ የራሱን አፍንጫ ተጠራጠረ። ጎንበስ ብላ ባልዲውን ከአልጋው ሥር ሳበችው። «እነዚህን ልውሰዳቸው» አለች።  «ለማን?» «ለሚያስፈልጋቸው።» «እንዳትሸጫቸው» አለ። «ሞኝ ነኝ እንዴ!» አለችና ባልዲውን አንጠልጥላ ወጣች። የባልዲው ውሃ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ቀሚሷን አረጠበው።

አውቶቡስ ውስጥ ሰው አፍንጫውን ያዘ። «ሴትዮ፣ የሞተ ነገር ነው እንዴ የያዝሽው?» አለ ትኬት ቆራጩ። «ገና አልሞተም፤ አይሞትምም፣ አንተ ቶሎ ካደረስከኝ» አለችው፣ የኋላው ወንበር ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ባልዲውን በሁለት እግሯ መሃል ይዛ በመስኮት ታያለች። መንገዱ የጋራዦቹን ሰፈር ያቋርጣል፤ ዘይት የጠጣ መሬት፣ በተርታ የቆሙ ሞተር አልባ መኪኖች፣ የተቃጠለ ጎማ ጥቁር ክብ። ከእያንዳንዱ በር ቀጭን ጥቁር መስመር ወጥቶ ወደ ቦዩ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ስንቴ አልፋለች? መቶ ጊዜ። አይታዋለችም፤ እንዳላየ ማለፍ ደግሞ ማንም ሳያስተምራት የተካነችው ሙያ ነው።

ላቦራቶሪው በር ላይ ዘበኛው ባልዲውን አይቶ «ዓሣ ሰኞ ነው የሚመጣው» አላት። «ዛሬ ዓሣው ራሱ ነው የመጣው፣ ዓሦቹን የምትመረምረውን ዶክተር ጥራልኝ» አለች። ስታቅማማ ቢያይ ይመልሳት ነበር፤ አላቅማማችም። ኮሪደሩ ነጭና ቀዝቃዛ ነው፤ የፕላስቲክ ጫማዋ በእያንዳንዱ እርምጃ ይጮሃል። ዶክተሯ መነጽር ያደረገች፣ ወደ አርባው የምትጠጋ፣ እጅጌዋን እስከ ክንዷ የሰበሰበች ሴት ናት። ስሟን ስትሰማ ፊቷ በራ። «እትዬ ቅርፊት? ሾፌራችን የሚያወራልን? እንዴት ያለ ዓሣ ነው የሚመርጡልን እኮ፣ ሁልጊዜ እንደተያዘ፣ ሁልጊዜ ንጹህ!»

«እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አለች እትዬ ቅርፊት። መቀመጫ ሲሰጧት አልተቀመጠችም። «ሁለቱንም ባልዲ ከማዶ ነው ስሞላልሽ የኖርኩት። ቀዩንም። ሾፌርሽ ባልዲዎቹን ከተወልኝ ቀን ጀምሮ።»

 ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች፤ መልሳ አደረገች። ከዚያ በርጩማው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ለምን?» አለች።

«የሚሸት ዓሣ ለሰው አልሰጥም። ያንቺ ደግሞ የተከበረ ቤት ነው አልኩ።»

«ልንበላው እኮ አይደለም እትዬ! የሚሸተውን ነው የምንፈልገው! ሁለቱን ለማወዳደር ነው፣ የቆሸሸውን ከ...» ዶክተሯ ተነሳች፣ ተቀመጠች። «ሁለት ዓመት! ፈርሜበታለሁ። ልዩነት የለም ብዬ ፈርሜበታለሁ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ማን ነገረኝ?» አለች እትዬ ቅርፊት። ልትቆጣ አልነበረም፤ ግን ድምጿ ወጣ። «ሾፌርሽ ባልዲ ጥሎ ይሄዳል፣ በረዶው ሳይቀልጥ ተመልሶ ይወስዳል። ለምን እንደሆነ ብትነግሪኝ በጥርሴም ቢሆን ጎትቼ አመጣልሽ ነበር። አንድ ቀን መጥተሽ ታውቂያለሽ? ቦዩን አይተሽዋል?»

 የዶክተሯ ጆሮ ቀላ። ወደ ባልዲው ሄዳ ተንበረከከችና አጎንብሳ አሸተተች፤ አሽትታም ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፣ ከሽታው ይሁን ከሌላው እንጃ። «የሚሸትዎ ዘይቱ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እኛ የምንፈልገው ግን የማይሸተውን ነው። ዘይት፣ ጎማ፣ ሬንጅ ሲቃጠል የሚወጣ ነገር አለ። ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ጭቃው ላይ ይተኛል። ዓሣው ከጭቃው ሲለቅም አብሮ ይውጠዋል። ጉበቱ ሊያወጣው ይታገላል፣ ሐሞቱ ውስጥ ያጠራቅመዋል። ከታገለው የተረፈው ደግሞ ጉበቱን ራሱን ይበላዋል።» ስሙን ነገረቻት፤ ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን። እትዬ ቅርፊት ልትደግመው ሞከረችና ተወችው። «ስሙ ራሱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል» አለች።

ዶክተሯ ምላጭ አንስታ አንዱን ዓሣ ልትከፍት በሐሞቱ በኩል አስጠጋችው። «አምጪው» አለቻት እትዬ ቅርፊት። «ታፈሽዋለሽ።» ምላጩን ተቀብላ ሆዱን በአንድ ጊዜ ከፈተች፣ ሁለት ጣቷን አስገባች፣ ሐሞቱን እንደ ወይን ፍሬ ሙሉውን አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ጉበቱ እሷ የምታውቀው ዓይነት ቀይ ቡናማ አልነበረም፤ ነጠብጣብ አለበት፣ ገርጥቷል። ስድስት ዓሣ እንዲሁ ከፈተች፤ አንዱም አልፈሰሰባትም። ዶክተሯ ከእያንዳንዱ ጠብታ ወሰደች፣ በትንንሽ ጠርሙስ በጠበጠችው። ከማቀዝቀዣው ደግሞ ባለፈው ወር በቀይ ባልዲ ከመጣው የተቀመጠ አንድ ጠርሙስ አወጣች። መብራቱን አጠፋችና ሐምራዊ ብርሃን ያላት ትንሽ መብራት አበራች። የባለፈው ወሩ ጠርሙስ ጭል ጭል የምትል ነገር ብቻ አሳየ። የዛሬዎቹ ስድስቱ ሰማያዊ ሆኑ፤ እንደ ጋዝ ምድጃ ነበልባል፣ ጨለማው ውስጥ ራሳቸውን ችለው በሩ። የሚያምር ነገር ነው። እትዬ ቅርፊት ማማሩ አናደዳት።

«ይቺስ? የማዶዋ? ትንሽ ታበራለች እኮ» አለች።

«ሐሞት በራሱም ትንሽ ያበራል። ከውሃው ይሁን አይሁን ገና አላውቅም፤ እሱንም መመርመር አለብኝ።»

ሃያ ሦስት ዓመት በአፍንጫዋ ተማምና ገበያውን አብልታለች። ያችን ጭል የምትል ብርሃን ረጅም ጊዜ አየቻት።

«ይሄንን ጻፊልኝ» አለች በመጨረሻ። «ማህተም አድርጊበት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድሜን ሊያባርሩት ነው።» ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። አንድ ባልዲ ማስረጃ አይሆንም፣ ከየት እንደተያዘ ራሷ ማየት አለባት፣ መድገም አለባት፣ አለቆቿ መስማት አለባቸው፤ በትንሹ ሦስት ወር። የወጣውንም ወረቀት ለመሰረዝ ቢሆን ዛሬ አይደርስም። «ስብሰባው ላይ ይህንን ቢናገሩ ደግሞ» አለች ዶክተሯ፣ «ገበያው እርስዎን...» «አውቃለሁ» አለች እትዬ ቅርፊት። እጇን በቧንቧው ታጠበችና ባዶ ባልዲዋን አንስታ ወጣች።

የማህበሩ አዳራሽ ስትደርስ ሞልቷል። ወንበሮቹ ለአባላት ናቸው፤ ቀራፊዎችና ጠባሾች ከኋላ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። ወንድሟ ፊት ለፊት ቆሟል፣ ኮቱን ለብሶ። የጀልባዋን ሰንሰለት ቁልፍ ገና ሳይጠይቁት አውጥቶ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል። ሊቀመንበሩ ወፍራም፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው፤ ያንን ባለማህተም ወረቀት እያነበበ ነበር። «አልተገኘም» የሚለው ጋ ሲደርስ እትዬ ቅርፊት ከኋላ «ውሸት ነው!» አለች።

አንገት ሁሉ ዞረ። «እትዬ ቅርፊት፣ ጠረጴዛ የተከራየ ሰው ድምፅ የለውም፤ ይሄ የአባላት ስብሰባ ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

«ድምፅ አልጠየቅኩም፣ ጆሮ ነው የምፈልገው።» በወንበሮቹ መሃል አልፋ ወደ ፊት መጣች፤ ሽርጧን አላሰረችም፣ ቅርፊቱ ግን ፀጉሯ ላይ ነው። ተናገረች። ማስዋብ አታውቅበትምና እንደሆነው ተናገረች፤ ሾፌሩን፣ ሁለቱን ባልዲ፣ ሃያ አንዱን ወር፣ ሰማያዊውን ብርሃን። ወንድሟን ሳታይ ተናገረች። «ይሄ ሰው አፍንጫው ጤነኛ ነው። ያንን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ስናገረውም ሽታው ይሸተኝ ነበር» አለች።

ከዚያ አዳራሹ በጩኸት ተናጠ። አስጋሪዎቹ ተነሱ፣ ወንበር ወደቀ። ዓሣ ጠባሿ ከግድግዳው ተላቃ መጣች። «አፍሽ ይቆረጥ! ነገ ማን ሊገዛኝ ነው? አንቺ ልጅ የለሽም፣ እኔ አራት አሉኝ!» አንዱ «በቤተሰብ ተማክረው ነው የመጡት» አለ፣ ሌላው «ስንት ከፈሉሽ?» አለ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን እስኪደክመው ደበደበ። «ወረቀት አለሽ?» አላት። «የለኝም።» «ይሄ ግን ማህተም አለው።»

እትዬ ቅርፊት ማህተሙን አየችው፣ ሰዉን አየችው። አብዛኞቹን ከነልጆቻቸው ታውቃቸዋለች፤ ማታ ማታ ለቤታቸው የሚወስዱትን ዓሣ የምትቀርፍላቸው እሷ ናት። «እሺ» አለች። «ወረቀቱን ተዉት። ከእናንተ መሃል ከቦዩ አፍ የተያዘ ዓሣ ቤቱ ወስዶ ለልጆቹ የሚያበላ ማነው? እጁን ያውጣ።»

ማንም አልተናገረም። ዓሣ ጠባሿ እጇን ልታነሳ ያለች መስላ ነበር፤ እጇ ወገቧ ላይ ደርሶ ቀረ። አንዱ ጫማውን ማየት ጀመረ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ከፍቶ ዘጋው። ዝምታው እየረዘመ፣ እየረዘመ ሲሄድ እትዬ ቅርፊት አንድ ነገር ገባት፤ እሷ ብቻ አይደለችም ለካ። እዚህ ያለው ሁሉ ለራሱ ቤት ቀዩን ባልዲ ከማዶ ነው የሚሞላው።

ሊቀመንበሩ አሳለ፤ ውሳኔው አዲስ ምርመራ እስኪመጣ ይተላለፋል አለ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ። ቀጠለና ደግሞ፣ ገበያውን ያሳሳተች ቀራፊ ጠረጴዛዋን እስከዚያው ታስረክባለች አለ። ለዚህ ወንበር ላይ ያለው ሁሉ እጁን አወጣ። ሲወጡ ማንም አላናገራትም። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር፤ ተመልሳ አንስታ ወጣችና ደጃፍ ላይ የቆመው ወንድሟ እጅ ውስጥ አስገባችለት። እሱም ቁልፉን አየ።  ወደ ጀልባው ሄደ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል የላቦራቶሪው መኪና መጣ። ዶክተሯ ራሷ ወረደች፤ ጥሩ ጫማዋን አድርጋ ነበር፣ በሁለተኛው እርምጃ ጭቃ ዋጠው። አላወለቀችውም። እስከ ቦዩ አፍ በእግሯ ሄደች፣ የእትዬ ቅርፊት ወንድም መረቡን ሲጥልም ሲስብም ቆማ አየች፣ በትንሽ ደብተር ጻፈች። ሾፌሩ ሁለቱን ባልዲዎች ይዞ ከኋላ ቆሞ፣ የእትዬ ቅርፊትን ዓይን ይሸሻል። ዓሦቹን ወደ ሲሚንቶ ጠረጴዛዋ አመጧቸው፤ ነገ የሌላ ሰው ይሆናል፣ ዛሬ ግን ገና የእሷ ነው። ወንድሟ ከጀልባው ሳጥን ገልብጦ ዘረገፋቸው። እትዬ ቅርፊት ቀዩን ባልዲ ወደ ራሷ ሳበች። እጇ ልማዱን ጀመረ፤ ይሄኛውን ገፋ፣ ያንን አነሳ፣ ዓይኑ የጠራውን ፈለገ፣ ጉንጩን ገለጠ። የባሰው የባሰው ወደ ጠረጴዛው ዳር እየተገፋ፣ የተሻለው የተሻለው ወደ እጇ እየመጣ።

«አትምረጪ» አለ ወንድሟ።

ቀና አለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ እንደዚህ ባለ ድምፅ፣ ልጆች ሳሉ ይቆጣት እንደነበረው ባለ ድምፅ ተናግሯት አያውቅም። «እንደመጡ ስጪያቸው» አለ።

ዓይኗን ጨፈነች። እጇ የነካውን አነሳች፣ ባልዲው ውስጥ ከተተች። ሌላ አነሳች፣ ከተተች። እየቆጠረች አሥራ ሁለት አደረሰች፤ ሽታቸው በጣቶቿ መካከል ገባ። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ራሷ የማትበላውን ዓሣ ለሰው ሰጠች። ዶክተሯ ባልዲውን በሁለት እጇ ተቀብላ እንደ እንቁላል ጥንቅቅ አድርጋ ያዘችው።

መኪናው ሲሄድ ወንድሟ የተረፉትን ዓሦች ወደ ሳጥኑ መለሰ፣ ለጉድጓዱ። እትዬ ቅርፊት ጠረጴዛውን አጠበችው፤ ለማን እንደምታጥበው ሳታውቅ፣ ማዕዘኑን ሳይቀር አጠበችው። ቢላዋዋን በጨርቅ ጠቀለለች። ሳጥኑን ትከሻው ላይ ካነሳ በኋላ ሰውዬው ትንሽ ቆመ።

«እሁድ ለምሳ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት።

«ዓሣ አይደለም» አለች።